አያ ጅቦ የገዛ ጭንቅላቱን የጠጣበት ቀን

አንድ ጊዜ፣ ወደ ወንዝ የሚያወርደው መንገድ ከወንዙ ጎርፍ ይልቅ በሚያስፈራበት ቆላ፣ ሲያስብ ጆሮዎቹን የሚያጣምር አህያ ይኖር ነበር።

በዚያ ቆላ በጋ ሲገባ ኩሬው ሁሉ ይደርቅና ለእንስሳቱ ወንዙ ብቻ ይቀራል። ወደ ወንዙ የሚያወርዱት መንገዶች ደግሞ ሁለት ናቸው። አንዱ በገደሉ ሥር ይሄዳል፣ ሌላው በግራሮቹ መሃል። ውሃ የሚወረደው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ቀኑ ከገፋ ፀሐዩ አያስኬድም። አያ ጅቦም ይህን ያውቃል። በየማለዳው ከሁለቱ መንገዶች በአንዱ ዳር ተጋድሞ ይጠብቃል። በየትኛው እንደሚሆን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በገደሉ ነው ብለው በግራሩ ሲወርዱ፣ ከግራሩ ጥላ ውስጥ ይነሳል።

የአህያው እህት የተበላችው በግራሩ መንገድ ነው። የአህዮቹ መንጋ ያን ቀን አለቀሰ፤ በማግስቱ ጠማውና እንደገና በግምት ወረደ። አህያው ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

«ጅቡ ራሱ እንዴት ነው የሚመርጠው?» አለ ለራሱ። «ቁጭ ብሎ አያወጣም፣ አያወርድም። ያን ያህል አሳቢ አይደለም። አንድ ነገር ይሸተዋል፣ አንድ ነገር ይሰማል፣ ከዚያ እግሩ ይነሳል። ታዲያ በአፍንጫውና በእግሩ መሃል ያለው ምንድን ነው?»

ሐዘኑ ቀስ በቀስ ጥያቄ ሆነበት።

ከኮረብታው ጎን አንድ ፍል ውሃ ይመነጭ ነበር። ድኝ አለበት፤ የበሰበሰ እንቁላል ስለሚሸት ማንም አይጠጣውም። አህያው ወደዚያ ወጣ። ከላይ በኩል በኮቴው ትንንሽ ኩሬዎች ቆፈረ፤ አንዱን ለነፋሱ፣ አንዱን ለጥጋብ፣ አንዱን ከመንደር ለሚሰማው የውሻ ጩኸት፣ አንዱን ለጨረቃዋ። ከታች ሁለት ኩሬዎች ብቻ አበጀ፤ አንዱን ገደል፣ ሌላውን ግራር አላቸው። በላዩና በታቹ መሃል ስም ያላወጣላቸው ሌሎች ኩሬዎች ጨመረ። ከዚያ ሁሉንም በቦይ አገናኛቸው።

አመሻሽ ላይ አህያው ነፋሱን ያሸታል። አያ ጅቦ ሲጠግብ ይስቃልና ሳቁን ያዳምጣል። ውሾቹን ይሰማል፣ ጨረቃዋን ያያል። የሰማውንና ያየውን ያህል በየኩሬው ውሃ ይለቃል። ውሃው በቦዮቹ ይወርዳል፣ መሃል ላይ ይደባለቃል፣ ከታች ካሉት ከሁለቱ አንዱን ቀድሞ ይሞላል። ቀድሞ የሞላው ኩሬ፣ አያ ጅቦ ነገ የሚጋደምበትን መንገድ ያሳያል።

መጀመሪያ ላይ የሚያሳየው ሁሉ ስህተት ነበር። አህያው በየማለዳው ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጅቡ የት እንደተጋደመ ያያል። ውሃው ካሳሳተው፣ ወደ ስህተቱ የወሰዱትን ቦዮች በትንሽ ጭቃ ያጠባቸዋል፤ ወደ እውነቱ ሊወስዱት ይችሉ የነበሩትን ደግሞ ትንሽ ይጠርጋቸዋል። ትንሽ ብቻ። አንድ ቀን ተናዶ አንዱን ቦይ ሙሉ በሙሉ ደፈነው፤ የዛሬውን አስተካክሎ የከረመውን ሁሉ አበላሸ። ከዚያ ወዲህ ንዴቱን ዋጥ እያደረገ በጥቂት በጥቂቱ ማረም ለመደ። እንዲህ ሲያርም ቆይቶ ቦዮቹ ከእውነቱ ጋር ይገጥሙለት ጀመር።

እመት ቀበሮ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ በፊት ጋሼ ብላው አታውቅም። «ምን እየሠሩ ነው?»

አህያው ማስረዳት ይወዳል። ጉድለቱ ይኼው ነበር፤ የጠየቀውን ሁሉ ወዳጁ ያደርገዋል።

«የአያ ጅቦን ጭንቅላት» አላት።

ቀበሮ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «የት አለ?»

«እየረገጥሽው ነው።»

አንድ እግሯን አነሳች፤ የት እንደምታሳርፈው ጨነቃት። «የጅብ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ነው ያለው ማለት ነው?»

«አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ለማየትም አልቸኩልም። የማውቀው የሚሠራውን ነው። ነፋስ ይገባል፣ ጥጋብ ይገባል፣ ፍርሃት ይገባል፤ መንገድ ይወጣል። መሃል ላይ ሁሉም ይደባለቃል። እኔ የምፈልገው አደባለቁን ነው። በውሃ ይደባለቅ፣ በደም ይደባለቅ፣ አደባለቁ ከገጠመ ለእኔ አንድ ነው።»

«ይቺ መሃል ያለችውስ?»

«አላውቃትም።»

«እንዴት? እርስዎ ቆፍረዋት?»

«ቆፈርኳት እንጂ ምን እንደምትሆን አልነገርኳትም። ስትታረም ስትታረም የሆነ ነገር ሆነች። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስና ጅቡ ጠግቦ ሲያመሽ ትሞላለች። በማግስቱ ጅቡ በግራሩ ይወጣል። ጠግቦ እያለ ለምን ይወጣል? ኩርፊያ ትሆናለች እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ብቸኝነት ትመስለኛለች። ጅብ ውስጥ ያለ ነገር በእኛ ስም ይጠራ እንደሆነም እንጃ።»

«እሱ ራሱስ ያውቃት ይሆን?»

አህያው ጆሮዎቹን አጣመረ። «እሱን አስቤው አላውቅም» አለ። ጥያቄው ደስ አሰኘው። እንዲህ የጠየቀው አልነበረም።

እመት ቀበሮ በየቀኑ መምጣት ጀመረች። ውሃ እንዴት እንደሚለቀቅ፣ የትኛው ኩሬ የምን እንደሆነ ለየች። ማረሙ ላይ ግን ፊቷን ታዞራለች፤ ጭቃ አትወድም።

«ለምን ለሸንጎው አይነግሩም፣ ጋሼ?»

«ገና ነው። ቦዩ ካሳሳተ ነፍስ ይጠፋል። ደመና ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን ልየው። ያኔ እናገራለሁ።»

«ልክ ብለዋል» አለች ቀበሮ። በማግስቱ ሸንጎው ዘንድ ሄደች።

ሸንጎው የሚቀመጠው ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ነው፤ ዳኛው አያ አንበሶ ነበር። ቀበሮ ፊቱ ቀርባ፣ «ነገ አያ ጅቦ በገደሉ ነው፤ በግራሩ ውረዱ» አለች። እንዳለችው ሆነ። ቀጥላ፣ «ነገ በግራሩ ነው» አለች። አሁንም እንዳለችው ሆነ። እንስሳቱ ጠጥተው በሰላም ተመለሱ። ያን ያህል ጠጥተው የተመለሱበት በጋ አልነበረም።

አህያው ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ጌታዬ፣ ያንን ቦይ የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለ።

አያ አንበሶ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ምን ትያለሽ?»

«ይሄን አህያ አውቀዋለሁ» አለች ቀበሮ በእርጋታ። «በሥራዬ ቦታ ያልፍ ያገድም ነበር። አንዳንዴም ጭቃ እንዲረግጥልኝ አደርገዋለሁ። መቼም ጭቃ የሚረግጥ ያስፈልጋል።»

በዚያ ሸንጎ የቁፋሮ ክርክር የሚዳኘው በእግር ነው። ጃርትና ፍልፈል በአንድ ጉድጓድ ሲጣሉ ሁለቱም እግራቸውን ያሳያሉ፤ ጥፍሩ የመሰከረለት ይረታል። ደንቡ ቀላል ነው፣ ለጉድጓድም ይሠራል።

«እግራችሁን አሳዩ» አለ አያ አንበሶ።

ቀበሮ እግሯን ዘረጋች። ጥፍሯ ስል ነው፤ ሥሩም የማለዳው አፈር አለበት። አህያው ኮቴውን አነሳ። ድቡልቡል ነው፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ለመቆፈር የተፈጠረ እግር ነው?» አለ አንበሳው።

«ጌታዬ፣ ቦዩ በእግር ብቻ አይደለም የተሠራው።»

«ሌላ በምን?»

«በማሰብ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። የገዛ መንጋው አህዮችም ሳቁ። አህያውን የቀበሮ ሌብነት ያን ያህል አላመመውም፤ የወንድሞቹ ሳቅ ግን ዘልቆ ገባ።

«እሺ ይጠይቋት» አለ አህያው። «ቦዩ ሲሳሳት ምን እንደምታደርግ ትንገረን።»

ቀበሮ ትከሻዋን ሰበቀች። «የእኔ ቦይ አይሳሳትም።»

ሸንጎው ይህን መልስ ወደደው። የሚሳሳት ቦይ ያለውን ትቶ የማይሳሳት ቦይ ያላትን መረጠ፤ ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦዩ ስም «የቀበሮ ቦይ» ተባለ። አህያውም ፍል ውሃው አጠገብ እንዳይደርስ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ቀበሮ ባየችው ቁጥር «አንተ» ትለዋለች።

እመት ቀበሮ ቦዩን አሳመረችው። ዳር ዳሩን በነጭ ጠጠር ከበበችው፣ የኩሬዎቹን አፍ አለሰለሰችው። ጭቃ ግን አላስነካችውም። ማረም ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ አልሳሳትም ብላ ሹመት ያገኘች ደግሞ ይህን ማለት አትችልም። ለጊዜው ማንም ልዩነቱን አላየም። አህያው የጠረገው ቦይ ጥልቅ ስለነበር ያለ እሱም ለተወሰነ ጊዜ ገጠመ።

ከዚያ ደመና መጣ። ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። የመንደሩ ሰዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሄዱ ውሾቹም አብረው ሄዱ። አንድ ምሽት ቀበሮ ውሃውን ለቀቀች፤ ገደል የተባለው ኩሬ ቀድሞ ሞላ። «በግራሩ ውረዱ» አለች። ከርከሮ ከነቤተሰቡ በግራሩ ወረደ። ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ከርከሮ አልተመለሰም።

«ምን ሆነ?» አለ አያ አንበሶ።

«ጌታዬ፣ ቦዩን አይቼዋለሁ፤ ምንም አልሆነም» አለች ቀበሮ። «አያ ጅቦ በገደሉ መሆን ነበረበት። የተሳሳተው እሱ ነው።»

አንበሳው አሰበበት፤ ነገሩ ትክክል መሰለው። «ጥሩልኝ» አለ።

አያ ጅቦ በቀትር ተጠርቶ ዓይኑን እያጨናበሰ መጣ።

«ዛሬ ማለዳ በገደሉ መሆን ሲገባህ በግራሩ የተገኘኸው ለምንድን ነው?»

«ይገባኝ ነበር እንዴ?» አለ ጅቡ ግራ ገብቶት።

«ቦዩ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የምን ቦይ?»

«ያንተ ጭንቅላት።»

አያ ጅቦ የፊት እግሩን አንስቶ ራሱን ዳበሰ። «እዚሁ አለ» አለ።

ይዘውት ወደ ፍል ውሃው ወጡ። አህያው እንዳይቀርብ ስለተከለከለ ከማዶው ጉብታ ላይ ቆሞ ያያል። ጅቡ ቦዩን ዞረው፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አየው። እንዲህ በጥሞና ሲያይ የሚታወቀው አጥንት ብቻ ነበር።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ» አለች ቀበሮ።

«ይቺ መሃል ያለችው ምኔ ናት?»

ቀበሮ ትንሽ ዘገየች። «ክፋትህ ናት።»

«ይቺስ?»

«እሷም ክፋት ናት።»

«ሁለት ነው ያለኝ?»

«ምነው፣ አነሰህ?»

ሸንጎው ሳቀ። ጅቡ አልሳቀም። «አንዳንድ ቀን ጠግቤ እያለሁ እወጣለሁ» አለ። «ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እሱን የምታሳየው የቷ ናት?»

«እሱ ረቂቅ ነው፤ አይገባህም» አለች ቀበሮ።

ማዶ ያለው አህያ ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ። ጅቡ በሸንጎው ሁሉ ፊት ያነሳው፣ አህያው ራሱ ሊጠይቀው ሲመኝ የኖረውን ጥያቄ ነበር።

ጅቡ ወደ ኩሬው ጎንበስ አለ። ድኙ አፍንጫውን መታው። «ጥንብ ጥንብ ይላል» አለ ፊቱ እየበራ። «የእኔ ጭንቅላት እንዲህ ይሸታል?» ቀና ብሎ አያ አንበሶን አየው። «የእኔ ነው ብላችኋል፣ አይደል?»

«ያንተ ነው» አለ ዳኛው።

«የእኔ ከሆነማ» አለና ጠጣው። ነፋሱን ጠጣ፣ ጥጋቡን ጠጣ፣ ውሾቹንና ጨረቃዋን ጠጣ። ወደ መሃል ወርዶ ሁለቱን ክፋቶች ጨለጠ። ገደሉንና ግራሩን ልሶ አደረቀ። ነጩን ጠጠር አጥንት መስሎት እየቆረጣጠመ ትቢያ አደረገው። ጨርሶ ሲዞር የቀሩትን ቦዮች በእግሩ ደመሰሳቸው፤ ሆዱን ተሸክሞም እያገሳ ሄደ።

«ይሄንንስ ቦዩ ተናግሮ ነበር?» አለች ከኋላ አንዲት ሚዳቋ።

ቀበሮ እንደገና እንድትቆፍር ታዘዘች፤ ቆፈረችም። ከበፊቱ የሚያምር ነው። ውሃው ግን በፈለገው በኩል ይፈሳል፤ የት ቢፈስ ትክክል እንደሚሆን ደግሞ አታውቅም።

ጅቡ ጭንቅላቱን በጠጣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የአህዮቹ መንጋ ከኮረብታው አናት ላይ ቆሞ ነበር። ውርንጭሎቹ ከጥማቱ የተነሳ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ ወንዙ አዩ፣ ከዚያ በሸንጎው የሳቁበትን አህያ አዩት።

«በየት እንሂድ?» አለ አንዱ አንገቱን ደፍቶ።

ሳቃችሁ ይምራችሁ ሊላቸው ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ውርንጭሎቹን አየና ዋጠው።

«አላውቅም» አለ። «ጭንቅላቱን ጠጥቷል፤ ዛሬ ምን እንደሚያደርግ የምገምትበት የለኝም። እኔ በግራሩ ልቅደም። እዚያ ካለ፣ ጆሮዬን ሳነሳ በገደሉ ውረዱ።»

ከፊት የሄደበት ምክንያት ግማሹ ለመንጋው ነበር። ግማሹ ደግሞ ለማወቅ ነው።

አያ ጅቦ ግራሩ ሥር ነበር። ሆዱ ተነፍቷል። አህያውን ሲያይ አልተነሳም።

«አንተ ነህ» አለው።

«ምኑ?»

«የቆፈርከኝ።»

አህያው ጆሮዎቹን አነሳ። ከበላዩ መንጋው ወደ ገደሉ ሲዞር የጠጠሩ ድምፅ ተሰማ። «ማን ነገረህ?» አለ ጅቡን።

«ማንም። ቀበሮ አትፈራኝም፤ ሳልፍ ታዛጋለች። ያን ሁሉ የሠራው በየቀኑ ሲያየኝ የኖረ ነው። እንዲህ የሚያየኝ ደግሞ የሚፈራኝ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ኮረብታው ላይ ሁለት ጆሮ አያለሁ። ደደብ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም።»

አህያው ከሸንጎው የጠበቀውን ፍርድ ከጅብ አፍ ሰማው። ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም።

«ልትበላኝ ነው?» አለ።

«እሱን አንተን ልጠይቅ ነበር» አለ ጅቡ። «ልበላህ ነው?»

አህያው አሰበ። ትበላኛለህ ቢለው ሊያምነው ነው። አትበላኝም ቢለው ሊፈትነው ነው።

«አላውቅም» አለ።

«ቀበሮ አውቃለሁ ትላለች።»

«እሷም አታውቅም። እኔ ቦዩን ስሠራ አንድ ነገር አጉድያለሁ። ነፋስ አስገባሁ፣ ጥጋብ አስገባሁ፣ ውሻ አስገባሁ። ስለ ራስህ ለምትጠይቀው ጥያቄ ግን ኩሬ አላበጀሁለትም። ጅብ ስለ ራሱ ይጠይቃል ብዬ አላሰብኩም። ተሳስቻለሁ።»

አያ ጅቦ ቀና አለ። ስለ እሱ ተሳስቻለሁ ያለው እንስሳ አጋጥሞት አያውቅም።

«የዚያ ኩሬ ውሃ ወደየት ይወርዳል?»

«አንተ ብትነግረኝ ነው የማውቀው። ጠግበህ ስትወጣ ምን ይሰማሃል?»

ጅቡ ማሰብ ጀመረ። ማሰብ አልለመደም፤ ሲያስብ ሌላ ምንም መሥራት አይችልም። ግንባሩ ተጨማደደ፣ ምላሱ ወጥቶ ቀረ። ከታች በወንዙ ዳር መንጋው እየጠጣ ነበር። ውርንጭሎቹ ጠጡ፣ እናቶቹ ጠጡ፣ ሚዳቋና የከርከሮ ልጆችም ተከትለው ወርደው ጠጡ። ፀሐይ ከግራሮቹ በላይ ወጣች። ጅቡ ገና ያስባል።

«ረሃብ አይደለም» አለ በስተመጨረሻ። «ሆዴ ሞልቶ አንድ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ስለማላውቀው ልበላው እወጣለሁ።»

አህያው ይህን ሲሰማ በኮቴው መሬቱ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ጫረ።

«ነገ ፍል ውሃው ጋ ና» አለው። «ከዚያ እንቀጥላለን።»

«አሁን ሆዴ ውስጥ ጭንቅላቴ ስላለ ቦታ የለም» አለ ጅቡ በቅንነት። «ነገ ግን ልበላህ እችላለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ለእሱም ኩሬ እናበጅለታለን።»

ጅቡ በማግስቱ መጣ፤ ከዚያም ወዲያ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር መምጣቱን አላቋረጠም። ጎህ ሲቀድ አህያው በኮቴው ይቆፍራል፣ አያ ጅቦ ከበላዩ ቆሞ «ይቺስ ምኔ ናት?» እያለ ያደርቀዋል። እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ሁለቱም መንገዶች ነፃ ናቸው። ሳይመጣ የቀረ ቀን ግን አህያው ወዲያው ጆሮዎቹን ያነሳል፤ እንስሳቱ አይተው ባሉበት ይቆማሉ።

በአህያው ላይ የተጣለው ክልከላ እስከ ዛሬ አልተነሳም፤ ጅብ ባለበት ሊያስከብረው የሚመጣ ስለጠፋ ብቻ ተረሳ። ይቅርታ የጠየቀውም የለም። ቦዩ አሁንም የቀበሮ ቦይ ነው የሚባለው። ቀበሮ በየምሽቱ ከአያ አንበሶ ጎን ቆማ የነገውን መንገድ ታውጃለች፤ እንስሳቱ በአክብሮት ያዳምጧታል፤ ጠዋት ሲሆን ግን ወደ ፍል ውሃው አይተው ነው የሚወርዱት። አህያው ያንን ስም በሰማ ቁጥር ጆሮው ይወድቃል። ጅቡ ሌላ ጥያቄ ሲያነሳ ደግሞ መልሶ ይቆማል።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ሐሳብ ለማወቅ የተሠራ ነገር በሕይወት የሚቆየው በየዕለቱ «ተሳስቻለሁ» እያለ የሚያርመው እስካለ ድረስ መሆኑን፣ የሰው ሥራ የሚሰርቅም ሥራውን ከነስሙ ቢወስድ ያችን አንዲት ቃል ግን መውሰድ እንደማይችል ነው።